ከፈረሱ ጋሪው እንዳይቀድም፦ ባለ ቫልቭ አምፕሊፋየር ለሚገዛ

ከባድ መኪና የሚገዛ ነጋዴ ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት የሚጠይቀው ይታወቃል። ስንት ኩንታል ይጭናል? ነዳጅ ምን ያህል ይበላል? መለዋወጫው ከየት ይገኛል? ቢበላሽ ማን ይሠራዋል? ነገ ቢሸጥስ ስንት ያወጣል? ደላላው ቢቸኩልም እርሱ አይቸኩልም። ይኸው ጠንቃቃ ሰው ግን ለሳሎኑ የሙዚቃ መሣሪያ ሊገዛ ሲነሣ ልምዱን ሁሉ ሱቁ ደጃፍ ላይ ትቶ ይገባል። የዕቃውን መልክ አይቶ፣ የሻጩን ምስክርነት ሰምቶ፣ በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የዋት ቁጥር አንብቦ ይከፍላል። ዕቃው ባለ ቫልቭ አምፕሊፋየር የሆነ እንደሆነ ደግሞ የዚህ ዓይነቱ ችኮላ ቅጣት ከባድ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ይህን ለመሰለው ነገር ነው።

ለመሆኑ ቫልቭ ምንድን ነው? አሜሪካኖች ቲዩብ የሚሉት ይህ ዕቃ አየሩ የወጣለት የብርጭቆ አምፖል ነው። በውስጡ ያለው ክፍል ሲግል ኤሌክትሮን ይለቃል፤ በመካከል የተዘረጋው የሽቦ ፍርግርግ ደግሞ ፍሰቱን እንደ ቧንቧ መክፈቻ ይቆጣጠራል። ከሸክላ ማጫወቻ ወይም ከሲዲ የመጣው ደካማ ምልክት የሚጎላው በዚህ ዓይነት ነው። አሜሪካዊው ሊ ዲ ፎረስት እ.ኤ.አ. በ1906 ፍርግርጉን ከጨመረበት በኋላ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ሬዲዮውም፣ ሲኒማ ቤቱም፣ የሸክላ ማጫወቻውም በቫልቭ ሲሠራ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1947 በቤል ላቦራቶሪ የተፈለሰፈው ትራንዚስተር በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ገበያውን ወሰደበት። ቫልቭ ግን አልሞተም። ዛሬም በቻይና፣ በጃፓን፣ በአውሮፓና በአሜሪካ አዳዲስ ባለ ቫልቭ አምፕሊፋየሮች ይሠራሉ፤ ገዢም አላቸው።

በአገር ውስጥም ፍላጎቱ ያለ ምክንያት አልመጣም። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ያቋቋመው አምሃ ሪከርድስ፣ ከዚያም ካይፋ ሪከርድስ ያሳተሟቸው የአዲስ አበባ ሸክላዎች ዛሬ በውጭ አገር ሰብሳቢዎች ይፈለጋሉ፤ በድጋሚም ታትመዋል። ከፍራሽ ሥር ወይም ከቁም ሣጥን አናት የአባቱን ሸክላ አውርዶ አቧራውን ያራገፈ ሰው በዚያ ዘመን መሣሪያ ልስማው ቢል አያስገርምም።

ስለ ቫልቭ ጥራት የሚነገረው ግን ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ወሬ ነው። ነገሩ በመለኪያ መሣሪያ ከተዳኘ በተመሳሳይ ዋጋ የሚገዛ የትራንዚስተር አምፕሊፋየር የበለጠ ኃይል ይሰጣል፤ የድምፁም መዛባት ያነሰ ነው። ቫልቭ የሚወደደው አቅሙ ሲያልቅ በድንገት ሳይሆን ቀስ በቀስ የሚዛባ፣ መዛባቱም ብዙውን ጊዜ ጆሮ የማይጎረብጥ በመሆኑ ነው። ይህ የምርጫ ጉዳይ ነው፤ ምርጫም ዋጋ ይከፈልበታል። ስለዚህ ክርክሩ ቫልቭ ይሻላል ወይስ ትራንዚስተር የሚለው አይደለም። ቫልቭ ለመግዛት የቆረጠ ሰው ገንዘቡ መና እንዳይቀር ከየት ይጀምር? የሚለው ነው። መልሱም ከአምፕሊፋየሩ ሳይሆን ከስፒከሩ ይጀምር የሚል ነው።

ስፒከሩ ይቅደም

በስፒከር መግለጫ ወረቀት ላይ በዴሲቤል የተጻፈ ቁጥር አለ። ቁጥሩ ስፒከሩ 1 ዋት ሲሰጠው በ1 ሜትር ርቀት ምን ያህል ጮኾ እንደሚሰማ ይናገራል። ዛሬ ከሚሸጡት ትንንሽ የመደርደሪያ ስፒከሮች ብዙዎቹ ከ84 እስከ 88 ዴሲቤል ናቸው። የድሮዎቹ ትልልቅ ሣጥኖችና የጡሩምባ ቅርጽ ያላቸው ስፒከሮች ግን 95፣ አንዳንዶቹም 100 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ ይደርሳሉ።

ልዩነቱ ለዓይን ትንሽ ይመስላል፤ ሒሳቡ ግን ሌላ ነው። 3 ዴሲቤል ለመጨመር የአምፕሊፋየሩ ኃይል እጥፍ መሆን አለበት፤ 10 ዴሲቤል ለመጨመር ደግሞ 10 እጥፍ። ይህም ማለት 95 ዴሲቤል የሆነው ስፒከር በ8 ዋት የሚያወጣውን ድምፅ 85 ዴሲቤል የሆነው ለማውጣት 80 ዋት ይጠይቃል። በትራንዚስተር 80 ዋት ተራ ነገር ነው። በቫልቭ ግን ትልልቅ ቫልቮች፣ ከባባድ ትራንስፎርመሮች፣ ብዙ ሙቀትና ብዙ ገንዘብ ማለት ነው። በቫልቭ ገበያ ዋት እንደ ወርቅ በግራም የሚመዘን ዕቃ ነው።

አንድ አስመጪ ስለ 300ቢ ቫልቭ ዝና ሰምቶ ይህንኑ ቫልቭ የያዘ፣ 8 ዋት የሚያወጣ አምፕሊፋየር ገዛ እንበል። ቤቱ ያለው ስፒከር 86 ዴሲቤል ነው። ማታ ለብቻው ተቀምጦ ክራር ሲያዳምጥ ይደሰታል። ቅዳሜ እንግዳ ተጠርቶ፣ ሳሎኑ ሞልቶ፣ የፖሊስ ኦርኬስትራ ወይም የክቡር ዘበኛ ጥሩምባ ከፍ ይበል ሲባል ግን ድምፁ ይታፈናል፤ ከበሮውም ይላላል። አስመጪው የሚደርስበት ድምዳሜ «ቫልቭ የተጋነነ ወሬ ነው» የሚል ይሆናል። እውነቱ ግን ወሬው አይደለም የተጋነነው፤ ጋሪው ነው ከፈረሱ የቀደመው። ያንኑ አምፕሊፋየር 96 ዴሲቤል ከሆነ ስፒከር ጋር ቢያገናኘው ኖሮ 10 እጥፍ ኃይል እንደጨመረ ይቆጠርለት ነበር።

ሌላው የሚታየው ቁጥር ኦም ነው። ባለ ቫልቭ አምፕሊፋየሮች ብዙውን ጊዜ በጀርባቸው ለ4 እና ለ8 ኦም የተለያየ ማገናኛ አላቸው፤ ስፒከሩ ከሚስማማው ጋር ይታሰራል። ስፒከር ሳይታሰር አምፕሊፋየሩን አብርቶ ሙዚቃ መልቀቅ ግን የውጤት ትራንስፎርመሩን ሊያቃጥል ይችላል። በትራንዚስተር ልማድ ያደገ ሰው በመጀመሪያው ቀን የሚሠራው ስሕተት ይህ ነው።

ሦስቱ መደቦች

ስፒከሩ ከታወቀ አምፕሊፋየሩ በሦስት መደብ ሊታይ ይችላል።

አንደኛው ለእያንዳንዱ ጎን በአንድ የኃይል ቫልቭ ብቻ የሚሠራው ነው። ከዚህ መደብ የታወቀው 300ቢ ሲሆን ዌስተርን ኤሌክትሪክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ያወጣው ነው። የሚሰጠው 8 ዋት ያህል ነው፤ ታናሹ 2ኤ3 ደግሞ 3 ዋት ተኩል ገደማ። ድምፁን የቀመሱት ያደንቁታል። ይሁን እንጂ ስፒከር የሚያማርጥ፣ ቅያሪ ቫልቩም ውድ የሆነ ዕቃ በመሆኑ ለጀማሪ አይመከርም።

ሁለተኛው ኢኤል84 የተባሉ ትንንሽ ቫልቮች ለእያንዳንዱ ጎን ሁለት ሁለት ሆነው፣ አንዱ ሲገፋ ሌላው ሲስብ የሚሠሩበት ነው። ከ12 እስከ 15 ዋት ገደማ ይሰጣል። ቫልቮቹ ርካሽና በቀላሉ የሚገኙ ናቸው። ስፒከሩ 90 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ፣ ክፍሉም መካከለኛ ከሆነ ይበቃል።

ሦስተኛው በዚያው አሠራር ኢኤል34 ወይም ኬቲ88 የተባሉትን ትልልቅ ቫልቮች የሚጠቀመው ነው። በኢኤል34 ወደ 35 ዋት፣ በኬቲ88 50 ዋትና ከዚያ በላይ ይገኛል። ስፒከሩ ከ86 እስከ 90 ዴሲቤል ለሆነና ሳሎኑ ሰፋ ላለ ሰው የሚያዋጣው ይህ ነው።

ለመጀመሪያ ግዢ ከሁለተኛውና ከሦስተኛው መደብ መውጣት አያስፈልግም። በተጨማሪም ባያስ የሚባለውን የቫልቭ ማስተካከያ በራሱ የሚያከናውን ዓይነት ይመረጥ። በእጅ የሚስተካከለው ዓይነት ጥቂት ኃይል ቢጨምርም ቫልቭ በተለወጠ ቁጥር ቴስተር ይዞ መለካትን ይጠይቃል። ባያሱ የተዛባ ቫልቭ ደግሞ ቶሎ ያረጃል፤ ሲብስም ብረቱ ቀልቶ ሌላውን ክፍል ይዞ ይሞታል። ቴክኒሻን በቀላሉ በማይገኝበት ከተማ ራሱን የሚያስተካክል ዕቃ ከ5 ተጨማሪ ዋት ይበልጣል።

ክብደትም ምስክር ነው። እውነተኛ ባለ ቫልቭ አምፕሊፋየር የሚከብደው ትራንስፎርመሮቹ ብረትና መዳብ በመሆናቸው ነው፤ የድምፁም ጥራት በአመዛኙ ከእነርሱ ይመጣል። በርካሽ የሚሸጡ አንዳንድ ትንንሽ ሣጥኖች ላይ ሁለት ቫልቭ ከላይ ተሰክቶ ይታያል፤ ከሥር ብርቱካናማ መብራት ተደርጎለት ያምራል፤ ኃይሉን የሚሰጠው ግን ከውስጥ ያለ ቺፕ ነው። እንዲህ ያለው ዕቃ በስሙ ከተሸጠ ነውር የለውም። በአንድ እጅ የሚነሣ ሣጥን «ሙሉ ቫልቭ» ተብሎ ሲቀርብ ግን ገዢው እጁን ከኪሱ ቢያርቅ ይሻላል።

ከባሕር ማዶ የሚመጣው

ዕቃው ብዙ ጊዜ የሚገኘው በዘመድ በኩል ነው። ዋሽንግተን ያለች እህት ወይም ዱባይ ያለ ወንድም እንዲልክ ይታዘዛል። እዚህ ላይ የመብራቱ ነገር መታሰብ አለበት። በኢትዮጵያ መስመሩ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ከአውሮፓ፣ ከቻይናና ከዱባይ የሚመጣው ከዚህ ጋር ይስማማል። የአሜሪካው 120 ቮልትና 60 ኸርዝ፣ የጃፓኑ ደግሞ 100 ቮልት ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ዳይናኮ ስቴሪዮ 70 ነው። ይህ አሜሪካዊ አምፕሊፋየር እ.ኤ.አ. በ1959 ሲወጣ ገዢው ራሱ እንዲገጣጥመው ተበታትኖ በ99 ዶላር ከ95 ሳንቲም ይሸጥ ነበር። በአራት ኢኤል34 ቫልቮች ለእያንዳንዱ ጎን 35 ዋት ይሰጣል። በብዛት ስለተሸጠ ዛሬም በአሜሪካ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ይገኛል፤ መለዋወጫውም ይሠራለታል። ለአሜሪካ ነዋሪ ጥሩ ግዢ ሊሆን ይችላል። ለአዲስ አበባ ነዋሪ ግን ሁለት ዕዳ ይዞ ይመጣል። የመጀመሪያው በ220 ቮልት ከተሰካ ያለቀለት መሆኑ ነው። 220ውን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ቢገዛለትም ለ60 ኸርዝ የተሠራ ትራንስፎርመር በ50 ኸርዝ ከወትሮው የበለጠ ሊሞቅ ይችላል። ሁለተኛው ዕድሜው ነው። ከ60 ዓመት በላይ የቆየ ካፓሲተር ይደርቃል፤ ከደረቀም ትራንስፎርመሩንና ቫልቮቹን ያስበላል። ስለዚህ «ይሠራል» ተብሎ የተሸጠ አሮጌ ዕቃ ካፓሲተሮቹ ካልተለወጡ ገና ያልተሠራ ዕቃ ነው፤ የጥገናው ሒሳብ ከዋጋው ላይ ይደመርበት።

አዲስ ዕቃ የሚታዘዝ ከሆነ ከጀርባው ከ220 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ መኖሩ በፎቶግራፍ ሳይረጋገጥ ገንዘብ አይላክ። ሲደርስም ያለ ስታብላይዘር አይሰካ። መብራት ሲጠፋ ሶኬቱ ይነቀል፤ ሲመለስ የሚመጣው ከፍና ዝቅ ዕቃውን ሊጎዳው ይችላል። ሸክላ የሚያጫውት ሰው ደግሞ ፎኖ የሚባል መግቢያ መኖሩን ይጠይቅ። የሸክላ መርፌ የሚያወጣው ምልክት በጣም ደካማ ስለሆነ የራሱ ማጉያ ያስፈልገዋል፤ ብዙዎቹ አዳዲስ ባለ ቫልቭ አምፕሊፋየሮች ደግሞ ይህ የላቸውም።

መለዋወጫውና ዶላሩ

ቫልቭ እንደ ጎማ ነው፤ ያልቃል። የኃይል ቫልቮች በአማካይ ከ2,000 እስከ 5,000 ሰዓት ይሠራሉ፤ ትንንሾቹ ከዚያ በላይ ይቆያሉ። በቀን 2 ሰዓት የሚያዳምጥ ሰው በዓመት 730 ሰዓት ይጠቀማል፤ 3,000 ሰዓት የሚቆየው ቫልቭ 4 ዓመት ያገለግለዋል ማለት ነው። ይህ አያስፈራም። ካፌውን ወይም የሆቴሉን እንግዳ መቀበያ በቫልቭ ሊያስጌጥ የሚያስብ ኢንቨስተር ግን ሌላ ሒሳብ ይጠብቀዋል። በቀን 12 ሰዓት ከበራ ያው ቫልቭ በ8 ወር ያልቃል። በዚያ ላይ ዕቃው ሙዚቃው ዝግ ቢልም የሚበላው ኤሌክትሪክ ብዙም አይቀንስም፤ መካከለኛው 150 ዋትና ከዚያ በላይ እየሳበ ክፍሉን ያሞቃል። ለንግድ ቤት ትራንዚስተር ይበቃል፤ ቫልቭ ለሳሎን ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ የቫልቩ ምንጭም ይታይ። በዛሬው ጊዜ ለሙዚቃ የሚሆኑ ቫልቮች በብዛት የሚመረቱት በሦስት አገሮች ነው፤ በሩሲያ፣ በስሎቫኪያና በቻይና። በአሜሪካም ዌስተርን ኤሌክትሪክ 300ቢን እንደገና ማምረት ጀምሯል። እ.ኤ.አ. በ2022 የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር ከሩሲያዋ ሳራቶቭ ከተማ ፋብሪካ የሚመጣው አቅርቦት ለጥቂት ጊዜ ተቋርጦ ገበያው ተደናግጦ ነበር። ጭነቱ ቢቀጥልም ዋጋው ጨመረ። በጥቂት ፋብሪካዎች ላይ የተንጠለጠለ ገበያ አንዱ ሲያስነጥስ ሁሉም እንደሚታመም ነጋዴ አይጠፋውም።

ከዚህ ጋር የምንዛሪው ነገር አለ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። የቫልቭ ቅያሪ በዶላር የሚከፈል የነገ ወጪ ነው። ስለዚህ አምፕሊፋየሩ ሲገዛ አንድ ሙሉ ቅያሪ አብሮ ቢገዛ ብልህነት ነው። ይህም የሚሆነው ቫልቩ ዛሬ በብዛት የሚመረት፣ ከአንድ በላይ ፋብሪካ የሚያወጣው ሲሆን ነው። ኢኤል84፣ ኢኤል34፣ ኬቲ88 እና ትንሹ 12ኤኤክስ7 ይህን ያሟላሉ። መመረቱ በቆመ ቫልቭ የሚሠራ ዕቃ ግን ምንም ቢረክስ ለጀማሪ ዕዳ ነው።

ቫልቭ አክሲዮን አይደለም

የቴሌፉንከን ወይም የመላርድ ስም ያለባቸው አሮጌ፣ ያልተሠራባቸው ቫልቮች በውጭ ገበያ በውድ ይሸጣሉ። ይህን የሰማ ገንዘብ ያለው ሰው «ገዝቼ ላስቀምጥ፣ ዋጋው ሲወጣ እሸጣለሁ» ቢል አይፈረድበትም። ግን ማን ይመዝንለታል? በቫልቭ ላይ ያለ ጽሑፍ ይፋቃል፣ እንደገና ይታተማል። የተሠራበት ቫልቭ ተወልውሎ በአዲስ ካርቶን ይመጣል። እውነተኛነቱን የሚለየው የቆየ ዐዋቂና መለኪያ መሣሪያ ብቻ ነው። ገዢው ያለው ደግሞ እዚህ ሳይሆን በለንደንና በቶኪዮ ነው። እዚህ ተቀምጦ በዚህ መነገድ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። አምፕሊፋየሩ ራሱም ቢሆን የሚገዛው ለትርፍ ሳይሆን ለጆሮ ነው። ዋጋውን ይዞ የሚቆየውም ስሙ የታወቀ፣ መለዋወጫ ያለው፣ ትራንስፎርመሩ ደኅና የሆነው ብቻ ነው።

ጥንቃቄም አይዘነጋ። በባለ ቫልቭ አምፕሊፋየር ውስጥ ከ300 እስከ 450 ቮልትና ከዚያም በላይ ይዘዋወራል፤ ካፓሲተሮቹ ሶኬቱ ከተነቀለም በኋላ ኤሌክትሪክ ይዘው ይቆያሉ። ክዳኑ የሚከፈተው በሚያውቅ ሰው እጅ ነው። ቫልቮቹ እጅ ያቃጥላሉና ልጆች ባሉበት ቤት የብረት መከለያ ያለው ይመረጥ።

ለማጠቃለል፣ ለዚህ ጉዳይ 100 ብር የመደበ ሰው 50ውን ለስፒከር፣ 35ቱን ለአምፕሊፋየር፣ 15ቱን ለቅያሪ ቫልቭና ለስታብላይዘር ቢያውል ይበጀዋል። ብዙ ገዢ የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ 80ውን ለሚያበራው ሣጥን ከፍሎ በቀረው ያገኘውን ስፒከር ያነሣል። ከመክፈሉም በፊት የሚያውቀውን ሸክላ ወይም ሲዲ፣ የሚቻል ከሆነም የራሱን ስፒከር ይዞ ይሂድ፤ ዕቃው ግሎ አንድ ሰዓት ሙሉ እስኪሠራ ተቀምጦ ያዳምጥ። ሙዚቃው ባልተለቀቀበት ጊዜ ጆሮውን ወደ ስፒከሩ አስጠግቶ እምምታ መኖሩን ይስማ። ሻጩ አንድ ሰዓት ለማስደመጥ ካልፈቀደ የሚሸጠው መልኩን እንጂ ድምፁን አይደለም። የከባድ መኪናውን ሞተር ሳያስነሣ የማይገዛ ነጋዴም ለሳሎኑ ሲገዛ ይህንኑ ልማዱን ይዞ ቢገባ ይጠቅመዋል።